ዱላውን የተቀበለው ልጅ

ልጄ ሐዳሳ፣ ጌታ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ደረትሽን ከብርድ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ከነጭቅጭቁ ደህና ነው።

ከዘመድ ከወዳጅ ጋር ለውድድር ዱላ እየተቀባበላችሁ ስትሮጡ ማደራችሁን ከደብዳቤሽ አንብቤ ገረመኝ። ማን አሳደዳችሁ? ሹራብስ ለብሰሽ ነበር? ነገሩ እንዲገባኝ ቅዳሜ ጠዋት ከታቦር ተራራ እስከ ጉዱማሌ መናፈሻ ሞከርነው። ማማሰያዬን እንደ ዱላ ይዤ እያለከለክሁ አክስትሽ አባይነሽ የቆመችበት ደረስኩ። እሷ ዱላውን ትታ ጉንጬን አገላብጣ ስማ፣ "እንዴት አደርሽ? ባልሽ ሙሴስ ደህና አደረ?" አለችኝ። ያደርነው እኮ አንድ ቤት ነው። "ኧረ ተቀበዪኝና ሩጪ" ብላት፣ "ሰላም ሳልልሽ? ምን በደልሽኝ?" ብላ ተቀየመች። አባትሽ በባጃጅ አልፎን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ያ ረጅም ልጅ ካንቺ ሲቀበል የያዘው ዱላውን ሳይሆን እጅሽን ነው። የሁሉንም ስም ጽፈሽ የሱን ዘለልሽው። "ዘመድ" ያልሽው እሱን ይሆን? እኛ ሳናውቀው ዘመድ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም።

እባክሽ ስሙን ብቻ ጻፊልኝ፤ ለአባትሽ አልናገርም። እሱ ግን ዛሬ መነጽሩን ፎቶው ላይ ረስቶ ወጥቷል።

ጌታ ይባርክሽ። እጅሽን የያዘውንም ይባርከው፤ ቤተሰቦቹን ካጣራሁ በኋላ።

እናትሽ