የማንም ያልሆነው አንቀልባ

ይድረስ ለልጄ ለምስጋኑ፣ ድሬስደን

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? ብርዱን እንዴት ቻልከው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ያ ሳልስ ተወህ? ባለቤትህ ኸዲጃ ደህና ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ በላስታ ደህና የሚባለው በሕይወት ያለ ሁሉ መሆኑን ግን አትርሳ።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ስለምትሠራበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። መሣሪያዎች የለኩትን ይመዘግባል፣ አማካዩንም ያወጣል፤ አስቀድሞ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ በታመነ መለኪያ ተፈትኖ ስሕተቱ ለብቻው ይያዝለታል፣ የአንዱ ማረሚያ ለሌላው አይውልም ብለሃል። እዚህ ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ። ምክንያቱን ልንገርህ።

በዕርዳታ ጣቢያው ልጆች የምመዝነው እኔ ነኝ። ክብደቱ ለቁመቱ ከሚገባው በታች የሆነ ልጅ ገብቶ በየቀኑ ገንፎ ይበላል፤ ከመስመሩ በላይ የሆነው ይመለሳል። ከሚዛኑ ጋር በመጣው፣ ልጁን ይዞ በሚንጠለጠለው የጨርቅ ሱሪ ውስጥ አንድ ሕፃን ስላረፈ እናቶች ልጃቸውን በዚያ አናስገባም አሉ። ስለዚህ በየአንቀልባቸው ሆነው እንዲመዘኑ ፈቀድኩ። በእጄ የገባውን አንቀልባ ሁሉ መዝኜ አማካዩን አወጣሁና ከእያንዳንዱ ልጅ ላይ ያንኑ ቀነስኩ። በሽተኛ የሚያክመው የጣቢያው ድሬሰር አራጋው፣ «የእትዬ ሒሳብማ ባንክ ያስቀጥራል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደሴ በማስመሪያ ጣቴን እየመቱ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህሬም ትዝ አሉኝ።

ገለቴ የምትባል የብልባላ ሴት ታፈረ የሚባል ልጇን አዝላ መጣች። ከብቷን ሁሉ ጨርሳ የቀራት ከእናቷ የወረሰችው፣ ዙሪያውን ዛጎል የተሰፋበት አንቀልባ ነው። ልጁን ሦስት ጊዜ መዘንኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከመስመሩ በላይ ሆነ። «እሜቴ፣ ዛጎሉ እኮ ይከብዳል» አለችኝ። እኔም ሒሳቡ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ጌጥ ተሸክሞ ለዕርዳታ መሰለፍም ነውር ነው አልኳት፤ ያውም በሰው ፊት። ከኋላዋ አንዷ፣ «ዛጎሉን ቀቅይለት» ብላ ሰልፉን አሳቀችው። ገለቴ ልጇን አዝላ ሄደች።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት አንቀልባዎቹን አንድ በአንድ እንደገና መዘንኩ። ያወጣሁት አማካይ የማንም አንቀልባ አልነበረም። ባዶው ቆዳ ከእሱ በጣም ይቀላል፣ ዛጎል የተሰፋበት በጣም ይከብዳል፤ እኔ የዛጎሉን ክብደት ለልጁ ሥጋ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

ገለቴ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዘመድ ዘንድ ተጠግታለች ስላሉኝ በዱላዬ እየተደገፍኩ ሄድኩ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ማልቀስ እንኳ ትቷል። ይዣቸው ተመለስኩና መጀመሪያ ልጁን በአንቀልባው፣ ቀጥሎም አንቀልባውን ብቻውን መዘንኩ። ከመስመሩ እጅግ በታች ነው፤ የመለስኩት ዕለትም በታች ነበር። በሰልፉ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የሳቀ የለም። ገለቴ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ምነው በሰደበችኝ ኖሮ ልጄ። አሁን ታፈረ ወተት በማንኪያ ይቀምሳል፤ አራጋው ግን ይተርፋል ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

የእናንተ ፕሮግራም ማረሚያው ሲገኝ የቀደመውን ልኬት ሁሉ መልሶ ያስተካክላል ብለሃል። እኔ የመለስኳቸው ሌሎች እናቶች በየት በኩል እንደሄዱ እንኳ አላውቅም። ስለዚህ አጎትህ ቄስ ተክለ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ በጌጠኛ አንቀልባ ተመዝኖ የተመለሰ ሁሉ ይምጣ ብለው እንዲናገሩ፣ ወደ ብልባላና ወደ ኩልመስክም ቃሉን እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ስሜም እንዲጠራ ጠየቅሁ። «እህቴ፣ ስምሽን ምን አመጣው?» አሉኝ። ፊት የነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ የምጠራቸው እኔው መሆኔን ካልሰሙ አይመጡም አልኳቸው። የፊታችን እሑድ ይነገራል፤ እኔም አጠገባቸው እቆማለሁ።

አጎትህ በጸሎታቸው አይለዩህም። እህትህ አለሜ እጅግ ናፍቃሃለች፤ ባሏ ደባሱም ሰላም ይልሃል። ልጃቸው ይማርሽ ጥርስ አውጥታ የደብዳቤህን ጫፍ ነክሳዋለች። ኸዲጃን ሳምልኝ።

እናትህ አመተ ጊዮርጊስ
ላሊበላ፣ መጋቢት ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.