አራስ ቤት ድረስ ስለመጣው ሰርቨር

ለተከበሩ አቶ ዳኘው
በአትላንታ የሐበሻ ሲስተም አድሚኖች የልምድ መለዋወጫ ቡድን ሊቀመንበር

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደወትሮው ያልተቋረጠ ይሁን እያልኩ፣ ከዶራቪል መኖሪያዬ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በፈጣሪ ቸርነት በሰላም ተገላግዬ አራስ ቤት እገኛለሁ፤ ስልኬ በማይጮህበት ሰዓት ማለቴ ነው።

ቡድናችን የተቋቋመው አንዱ አድሚን፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የሚጠብቀው ባለሙያ፣ ያወቀውን ለሌላው እንዲያካፍል መሆኑን በየስብሰባው ያስታውሱናል። እኔም ይህንኑ በየዋህነት አምኜ፣ ስለ ሰርቨር ብልሽት ሰዉ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ሁሉ ከነመፍትሔው ጽፌ፣ ልወልድ ስቃረብ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩ። ሐሳቤ ከልጄ ጋር በሰላም እንድተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. ጽሑፌን ሳይውል ሳያድር ስላጠፉልኝ አመሰግናለሁ። መልሱ በጽሑፍ ከተቀመጠ ሰው መጠያየቅ ይተዋል፣ መቀራረባችንም ይላላል ማለትዎን ሰምቻለሁ። ይኸው እየተጠያየቅን ነው፤ ሁላችሁም እኔን።

2. በጽሑፌ ፋንታ «ሉሊት አለችላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ከስልክ ቁጥሬ ጋር በግሩፑ አናት ላይ ስላኖሩልኝ ክብር ተሰምቶኛል።

3. ባለፈው እሑድ ከኮሚቴው ጋር አራስ ልትጠይቁኝ ስትመጡ ዳይፐር መያዛችሁ ደግነት ነው። ላፕቶፕ መጨመራችሁ ግን ከየትኛው ባህላችን እንደተወሰደ እስካሁን አልደረስኩበትም። ገንፎው ቀዝቅዞ፣ ልጄ ጡት ፍለጋ እያለቀሰች፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የጠፋበት ፋይል ከሰርቨሩ ባክአፕ፣ ማለትም ከመጠባበቂያ ቅጂው፣ እንዴት እንደሚመለስ ሳስረዳ፣ «አረፍ በይ እንጂ፣ አራስ እኮ ነሽ» ብለው ስለመከሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

4. ስልኬን ለመዝጋት ያላሰብኩ እንዳይመስልዎ። ነገር ግን አዲሱ አባላችን ሀብቶም በሳንዲ ስፕሪንግስ ሥራ ከጀመረ ገና ቅርብ ጊዜው ነው። «እህቴ፣ ሲስተሙ ክራሽ አድርጓል፣ ዛሬ ካላስነሳሁት ፋየር ያደርጉኛል» እያለ ይደውላል። የሚፈልገው መልስ እርስዎ ባጠፉት ጽሑፍ ውስጥ ነበር። አሁን ስልኩን ሳነሳ ልጄን ከጡቴ አላቅቃለሁ፤ ሳላነሳ የሰው እንጀራ የዘጋሁ ይመስለኛል። መውጫ አጥቻለሁ አቶ ዳኘው፤ እጅግም ደክሞኛል።

ስለሆነም ጽሑፌ ወደ ቦታው እንዲመለስና ቁጥሬ እንዲነሳ በትሕትና እለምናለሁ። አሠሪዬ የወሊድ ፈቃድ ከሰጠኝ ቆይቷል፤ የቀረኝ የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው።

በእኔ ላይ ስላለዎ የማያልቅ እምነት ምስጋናዬ ሳይጓደል፣ በአንድ እጄ እየጻፍኩ ስለሆነ ለፊደል ግድፈቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሉሊት ነጋ
የሁላችሁም እህትና ያልተቀጠረች ሠራተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን አንብበው ሊቆጡኝ ቢደውሉ፣ የእርስዎን ስልክ የሚያነሳው ባለቤቴ መክብብ ነው። እሱ ስለ ሰርቨር አንዳች አያውቅም፤ ስለ ልጃችን ቢጠይቁት ግን ደስ ብሎት ይነግርዎታል። እሑድ ዕለት ሁላችሁም መልሳችሁን ይዛችሁ ስትወጡ፣ ስሟን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ኤልዳና ትባላለች።