ባዶ የተባሉት ሦስት ቁጥሮች

ጂንካ፣ ሰኔ 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ ዙህራ፣

አርባ ምንጭ ከተዛወርሽ አምስት ወር ሆነሽ። ደህና መሆንሽን የምሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

አንቺ ሳትመጪ የእንስሳት ጤና ቢሯችን ኮምፒዩተር የእኔ ነበረች። ከዲመካና ከአርቦሬ የሚመጣውን የከብት ክትባት መዝገብ የምትይዝበትን ፕሮግራም ብቻዬን፣ ቁጥር በቁጥር ጻፍኩላት፤ ለእሷ እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ቁጥር ነውና። ከዚያ መጣሽና ያቺ አሮጌ ፕሮሰሰር፣ የማሽኗ አንጎል፣ ማባዛት እንኳ እንደማታውቅ አየሽ። "ሥራ ያልተሰጣቸው ባዶ ቁጥሮች አሏት፤ በእነሱ አዲስ ትእዛዝ አስተምራታለሁ" አልሽ። ኃላፊያችን ጓድ ወልደሰማያት ወደ እኔ እያመለከቱ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፤ "የሶርሳ ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳይነካ መሥራት አለበት።"

እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀናሁ። መበየጃሽን ይዘሽ አዲሶቹን ትእዛዞች የምትይዘውን ትንሽ የሽቦ ሰሌዳ ስትሠሪ ከጀርባሽ ቆሜ ስህተት እፈልግብሽ ነበር። ጓድ ሲያመሰግኑሽ እየሳቅሽ "ምቀኛ አታሳጣኝ!" ትዪ ነበር። አላሳጣሽም፤ አጠገብሽ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጠየቅሽኝ። "ሶርሳ፣ ከባዶዎቹ ቁጥሮች ፕሮግራምህ ውስጥ ያስገባኸው አለ? እስቲ ደህና አድርገህ አስብ።"

ሦስት ነበሩ። ጀማሪ ሳለሁ፣ ማሽኗ ባዶ ቁጥር ሲገጥማት ዝም ብላ ስለምታልፍ፣ ክፍተት መሙያ አድርጌያቸው ነበር። አንቺ ሥራ ከሰጠሻቸው ፕሮግራሙ መሀል መንገድ ላይ ይበላሻል፤ አንቺም በሰው ፊት ታፍሪያለሽ። ይህን እያወቅሁ "የለም" አልኩሽ።

በሙከራው ቀን ዲስኬቴን በገዛ እጄ አስገብቼ ውርደትሽን ጠበቅሁ። የዲመካ መዝገብ አንድም ሳይጎድል ወጣ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዕድል ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት የላላ ሽቦ ልጠግን ብዬ ከማሽኗ ጋር የተውሽውን ደብተር ገለጥኩ። ሦስቱን ቁጥሮች በክብ ከብበሻቸዋል። ከሥሩ በእጅሽ ጽሑፍ፦ "እነዚህ አይነኩ። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አንብቤ አገኘኋቸው። ሶርሳን ጠይቄው የለም ብሎኝ ነበር፤ ረስቶ ይሆናል።"

ደብተሩን ይዤ ማሽኗ ፊት ተቀመጥኩ።

ሦስቱን ከፕሮግራሜ አውጥቻቸዋለሁ፤ አሁን የምር ባዶ ናቸው፣ ያንቺ ናቸው። ደብተርሽንም አንድ ቦታ ላይ አረምኩት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። "ረስቶ ይሆናል" የሚለውን ሰርዤ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሁሉ እንዲያነበው፣ "አልረሳሁም ነበር" ብዬ ፈረምኩበት።

ሶርሳ