የቦራ ቡት

ሂዊ፣

ትናንት ለአሌክሳንድሪያው ሠርግ ስትቸኩዪ የቦራን የእግር ቡት ሳታወልቂላት ሄደሻል። ፈረሷም ሠርግ የተጠራች መስሎሽ ነው መቼም።

ዛሬ ጠዋት ሎረል ጋጣው ስደርስ ቡቱ አራቱም እግሯ ላይ ነበር። ስፈታው ውስጡ እርጥብ አሸዋ ሞልቶ ቆዳዋ ተላልጧል፤ እግሯም እንደ ምድጃ ይፋጃል።

አውቃለሁ፣ ባለፈው ያለ ቡት መሰናክል ስታስዘልያት በሰው ሁሉ ፊት "ሁለተኛ ያለ ቡት እንዳላያት" ብዬ ጮኼብሻለሁ። እንዲህ ትእዛዝ አክባሪ መሆንሽን ግን አልጠረጠርኩም።

ቡት የሚደረግላት ስትዘል ወይም በፍጥነት ስትታጠፍ የኋላ ሰኮናዋ የፊት እግሯን ጅማት እንዳይመታው ነው። ግልቢያው ሲያልቅ ወዲያው ይወልቃል። አንቺ እንኳን ሂል ጫማሽን ገና በር ላይ ነው የምታወልቂው፤ የምደናቀፍበት እኔ ነኝ።

ባለቤቷ ሊንዳ "ማነው ቡቱን የረሳው?" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። አንቺ መሆንሽን ብትሰማ ዳግመኛ ጋጣው ደጃፍ አታስደርስሽም ነበር። እኔን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳልጋልብ ከልክላኛለች። ደስ ይበልሽ፣ ቦራ አሁን ያንቺ ብቻ ናት።

ስትነሺ ሂጂና እግሯን በቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዢላት። ቀስ እያልሽ በእግር አንሸራሽሪያት። ለእሱ ቡት አያስፈልጋትም፣ በናትሽ።

ያን ቀን በሰው ፊት የጮኽኩብሽን ደግሞ…

ባሱ ሊያመልጠኝ ነው። የምትወጂውን ምስር ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ሳትበዪ እንዳትወጪ።

አፀደ