ለእማዬ ሁለቴ የፈተንኩት መድኃኒት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከሥራ ክፍሌ ሆኜ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል መጠበቅ አለብኝ። ፈርቻለሁ፤ ከአንተ ሌላ ለማን እንደምነግረውም አላውቅም።

የቤቱን ላስቀድም። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ፈርሷል። ፒያሳ የነበረው የወርቅ ሱቅህም አሁን የእግረኛ መንገድ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ባንኮኒህ የት ጋ እንደነበር በእርምጃ ልለካ እሞክርና ይጠፋብኛል። እማዬ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች በተከራየሁት ቤት ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ዓመት ጡቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሰሞኑን ደግሞ ወገቧን ሲያማት ሐኪሟ ሕመሙ ወደ አጥንቷ ዘልቆ እንደሆነ በካሜራ ይታይ አለ።

ለካሜራው የሚወጉትን መድኃኒት የምሠራው እኔ ነኝ። ሥራ የጀመርኩ ጊዜ፣ ከእኔ የወርቅ መፈተኛ አሲድ የባሰ ነገር ፈልገሽ አገኘሽ ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጨረር ያለውን ፈሳሽ እቀዳና ወደ አጥንት ከሚወስደው መድኃኒት ጋር አዋህደዋለሁ። ሰው ከመወጋቱ በፊት እፈትነዋለሁ፤ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አደርግና ወረቀቱን ሌላ ፈሳሽ ውስጥ አቆመዋለሁ። ፈሳሹ ወረቀቱን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ያልተዋሃደው ይለያል።

ዛሬ ጠዋት መድኃኒቱ ፈተናውን ወደቀ። የወደቀ ይጣላል፤ በሽተኞቹም ለሌላ ቀን ይቀጠራሉ። ከበሽተኞቹ አንዷ እማዬ ናት። አባዬ፣ አልዋሽህም፣ እፎይ አልኩ። ቢያንስ ዛሬ የእሷን ውጤት አላውቅም አልኩ።

ከዚያ ወረቀቱን ልብ ብዬ አየሁት። ጠብታዋን ወረቀቱ ላይ በጣም ዝቅ አድርጌ ጥያታለሁና ፈሳሹ ውስጥ ሰጥማ ተበትናለች። የጀማሪ ስህተት ነው። መድኃኒቱ ምንም ላይሆን ይችላል። ብደፋው ግን ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ጎረቤታችን የእናቷን አምባር ያመጣች ቀን ትዝ አለኝ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሽተህ አሲዱን ጠብ ስታደርግበት ቀለሙ ጠፋ። እንደገና አሸኸው። ያው ሆነ፤ ወርቅ አለመሆኑን ነገርካት። ከሄደች በኋላ “የማውቀው ሰው ሲሆን ሁለቴ ነው የምፈትነው” አልከኝ።

እኔም ደገምኩት። አለፈ። ፈረምኩ።

እማዬ ውጭ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ መድኃኒቱን የሠራችው ልጄ ናት እያለች ስታወራ ነበር። ልትወጋ ስትገባ ግን እጄን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ለአባትሽ ያደረግነውን ለእኔ እንዳታደርጊ” አለችኝ።

አባዬ፣ ሐኪሙ የማይድን ነው ያለንን ደብቀን ጨጓራ ነው አልንህ። የሰው ወርቅ በእውነት ስትፈትን የኖርክ ሰው፣ የጨጓራ ክኒንህን በሰዓቱ እየዋጥክ አረፍክ። አቀባይዋ እኔ ነበርኩ። አውቀህ ዝም ብለኸን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ከክፍሌ ማዶ ተቀምጣ፣ ሦስት ሰዓቱ እስኪሞላ እንደታዘዘችው ውኃ በላይ በላዩ ትጠጣለች። እኔ የሠራሁት ነገር አጥንቷ ውስጥ እየገባ ነው፤ ክፉ ቦታ ካለ እዚያ ይጠራቀማል። ከእንግዲህ ላስቆመው አልችልም።

ስሟን ጠሩ። አብሬያት እገባለሁ። ስክሪኑን ሳይ እያየችኝ ፊቴን እንደምታነብ አውቃለሁ። ያንን ክኒን በእጄ እንዳቀበልኩህ እስክሞት አልረሳም። ለእሷ ግን ያየሁትን እነግራታለሁ።

ልጅህ ትዕግሥት