ማንም አልከፈተውም

ጥር 5፣ ሰኞ

ጠዋት ውሃ ቀዳሁ። ግቢ ጠረግኩ። ከቡቲዬ መንደር በሞተር የሚመጣውን ወተት ለእማዬ ተቀበልኩ። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ… ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ ገባሁ! «ሥራ ገባሁ» ብሎ መጻፉ ራሱ ደስ አይልም?

ናይሮቢ ያለችው አለቃ ጄን ትባላለች። ሠላሳ ቅጂ ላከችልኝ። የዚህ አካባቢ ሰዎች በአማርኛ ሲያወሩ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ እየሰሙ መጻፍ። አባባ በልጅነቴ በግድ ያስቆጠረኝ ፊደል ለዚህ ቀን ነበር ማለት ነው። ሙከራው እስከ ጥር 23። ሠላሳውን በንጽሕና ከጨረስኩ የአንድ ዓመት ሥራ፣ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ፣ እዚችው ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ። ካልጨረስኩ… አባባ ተናግሯል። «ከተመረቅሽ ዓመት ሞላሽ። ይሄ ካልሆነ ኢሲዮሎ፣ አክስትሽ ሱቅ።» ዲግሪ ይዤ ስኳር ልመዝን?

አንድ ነገር፣ ለዚህ ደብተር ብቻ። ድርጅቱ ስምንት ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። አባባ ለምረቃዬ ያስመጣልኝ አሮጌ ዴስክቶፕ አራት ብቻ ነበረው። «እጅሽን ውስጡ እንዳታስገቢ፤ ከተበላሸ ሌላ የለም» ብሎኛል። ምን ላድርግ? ሐሙስ ዕለት ድንበሩን ተሻግሬ፣ ማዶ ገበያ፣ ከፈረሰ ኮምፒውተር የወጣ ባለ አራት ራም አገኘሁ። ሲፒዩውን በአባባ የስፌት መኪና ካቻቪቴ ፈትቼ ራሴ ሰካሁት። ብሎኖቹን ትንሽ ፋቅኳቸው እንጂ… በራ። ስምንት! ማን አስተማረኝ? እኔው።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሁለት ቅጂ ጨረስኩ። ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። የተኮሳተረ ፊት ምልክት፣ ከሥሩ የማይገባ እንግሊዝኛ፤ ከዚያ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሳ። የጻፍኩት ሁሉ የለም። መብራት ይሆናል።

ጥር 7፣ ረቡዕ

አራቴ ጠፋ። መብራቱ አልሄደም፤ አምፖሉ እንኳ አልተርገበገበም።

የድርጅቱ ፕሮግራም ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ አይቀበልም። መሃል ላይ ከተቋረጠ ከሀ መጀመር ነው። ሦስተኛው ቅጂ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉድጓድ እንዴት እንደተቆፈረ ያወራል። ዛሬ አራት ጊዜ ቆፈርነው። አራቱንም ጊዜ ውሃው ጋ ሳንደርስ ሰማያዊ…

ጥር 9፣ ዓርብ

አገኘሁት አልኩ! እማዬ ሲፒዩውን በዳንቴል ሸፍናዋለች፤ ቴሌቪዥኑን እንደምታለብሰው።

«እማዬ፣ አየር እኮ ይፈልጋል! አፍነሽ ገደልሽው!»

«አቧራ እንዳይበላው ብዬ ነው…»

ጮህኩባት። ዳንቴሉን አጣጥፋ ወሰደች። ዕርቃኑን አንድ ሰዓት ሠራ። ከዚያ ሰማያዊ።

ይቅርታ ልላት ወጥ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ቀና እንኳ አላለችም። «ምነው? ልብሱን ብትገፍፊው ብርድ መታው?»

ጥር 11፣ እሑድ

ፎርማት አደረግኩት። ዊንዶው እንደ አዲስ ጫንኩ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ንጹሕ፣ ባዶ፣ አዲስ… ደስ ብሎኝ፣ ጉድጓዱን ለጊዜው ዘልዬ፣ አምስተኛውን ቅጂ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ!

ራሙን ላውጣው ይሆን? ካወጣሁት አራት ይሆናል። አራት ከሆነ ሥራው የለም። ስለዚህ ራሙ አይደለም።

ይሄ ነው አራት ዓመት የተማርኩት? ግን ሰክቼው እኮ በራ። ስምንት ብሎ ቆጠረ። እሱ ሊሆን አይችልም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

አባባ ሲፒዩውን ተሸክሞ ኤሌማ ጋ ወሰደው። እኔም ከኋላ።

ኤሌማ ፈንዲ ነው። ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ቻርጀር፣ የማይጠግነው የለም። ሱቁ ከአባባ ስፌት ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳ ከተባለ፣ አንድ ቆርቆሮ ነው። አባባ ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ወጥቶ እዚህ የስፌት መኪናውን የተከለ ጊዜ የመጀመሪያ ጎረቤቱ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ።

ኤሌማ መቼም ያለ ሰላምታ ሥራ አይጀምርም። «ኢንተላ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ኢንተላ፣ ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና? ቤቱ ሰላም? ሌሊቱ ሰላም?» ጊዜ የለኝም እኮ! «ደህና፣ ደህና፣ ጋሽ ኤሌማ፣ እየጠፋ ነው፣ እየው።» ሲፒዩውን አጋደመው፣ ብሎኖቹን በጣቱ ዳበሰ።

«ተፋፍቋል። ማን ከፈተው?»

ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። አባባ አጠገቤ ነው፤ አሁን ገና «ልጄ እኮ የኮምፒውተር ምሩቅ ናት» ብሏቸው…

«ማንም አልከፈተውም» አልኩ።

«አዲስ የገባ ነገርስ?»

«ምንም።»

አየኝ። ብሎኖቹን አየ። ከዚያ ከፈተ፣ የሞያሌን ቀይ አቧራ ሁሉ አራገፈ፣ ፋኑን ዘይት ቀባ። «አሁን ይተነፍሳል» አለ። ለአባባም ሻይ ቀዳለት።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ባሰበት። እስከ ምሳ አምስቴ።

አባባ ለምሳ ሲገባ ስክሪኑን አየ። «ምንድነው ደግሞ?»

ደክሞኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ወጣ። «ኤሌማ ከነካካው በኋላ ነው የባሰበት።»

ውሸት አይደለም እኮ። በጊዜ ቅደም ተከተል እውነት ነው… እንዲህ ብዬ ልጽናና?

አባባ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ክር ላደርስለት ሱቅ ሄጄ ነበር። አባባ ፔርሙዙን ወደ ውስጥ አስገብቷል። አግዳሚው ወንበር ላይ ኤሌማ ብቻውን ተቀምጧል። ስልክ ልታሠራ የመጣችን ሴትዮ አባባ በር ላይ ሆኖ «እሱ ጋ? የልጄን ኮምፒውተር ገደለባት እኮ፤ ሌላ ቦታ ሂጂ» አላት። ሄደች።

ኤሌማ ሰላም ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅኩ። ፈጥኜ አለፍኩ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ጨርሻለሁ። ሃያ አንድ ይቀራል። ስድስት ቀን። ጄን ጻፈች፦ «ሪሃና፣ ሌሎቹ ከግማሽ አልፈዋል። ችግር አለ?»

«የለም» አልኩ። ምን ሆኛለሁ? የለም፣ ምንም፣ ማንም… ሌላ ቃል አላውቅም?

ጥር 18፣ እሑድ

ሰባቴ። ማውሱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። አሁን ማውስም ያስፈልገኛል።

ጥር 19፣ ሰኞ

እማዬ ሻንጣዬን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። «ይናፈስ ብዬ ነው» አለች። ይናፈስ! የኢሲዮሎ ሻንጣ…

ኬብል ቀየርኩ። ስታቢላይዘር ተዋስኩ። ሲፒዩውን መስኮት ሥር አዞርኩት፣ መሬት አወረድኩት፣ ወንበር ላይ አወጣሁት። ቢስሚላህ ብዬ አበራሁት። ተለማመጥኩት፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ሰው «እባክህ» አልኩት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ማረኝ።

አለቀሰች ብሎ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ አልጽፍም።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

አባባ ለዙሁር ሶላት መስጊድ እስኪሄድ ጠበቅኩ። ከዚያ ኤሌማ ሱቅ ገባሁ። የት ልሂድ ሌላ?

ያባርረኛል ብዬ ነበር። መበየጃውን አስቀመጠና ጀመረ። «ኢንተላ፣ ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና? ቤቱ ሰላም?» በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ መለስኩለት። እናቴ ደህና ናት። ቤቱ ሰላም ነው… ቤቱ ሰላም አይደለም፣ ጋሽ ኤሌማ።

«በሽተኛውስ?»

«ሊሞት ነው። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።»

ወንበር ገፋልኝ። «እኛ አገር፣ ኦቦ ላይ፣ ከብት ሲታመም፣ አባቴ የታመመችዋን ላም ትቶ በረቱን ነው የሚያየው። ‹ከገበያ የገባች የትኛዋ ናት?› ይላል። በሽታ ብቻውን መንገድ አይሄድም፤ ከተገዛ ከብት ጋር ነው በር የሚገባው። እኔም ለዚህ ጠየቅኩሽ። ማንም አልሽ፣ ምንም አልሽ። እንግዲህ ሁለቱም ራም እዚያው በረት የተወለዱ ናቸው ብዬ ተውኳቸው።»

ጆሮዬ ጋለ። ቆርቆሮውን አየሁ። ከወዲያ በኩል የአባባ መኪና ዝም ብሏል፤ ሰው የለም።

«አንዱን… እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከማዶ ገበያ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። «አምጪው» አለ ብቻ።

በሞተር አመጣሁት። የኔን ራም ብቻውን ሰካው፤ ሠራ። አውጥቶ የድሮውን ብቻውን ሰካው፤ ሠራ። ሁለቱን አንድ ላይ… ሻይ እንኳ ሳንጨርስ ሰማያዊ።

«አየሽ? ጣውንት ናቸው» አለ። «ይቺም ደህና ሴት፣ ያቺም ደህና ሴት። አንድ ቤት ስታስገቢያቸው ነው ድስቱ የሚወረወረው።»

ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። አንዱ ከወጣ አራት ጊጋ ነው። «ከድሮው ጋር የሚስማማ የለህም?»

«ለዚህ ሽማግሌ ኮምፒውተር? ከናይሮቢ በባስ ላስመጣ እችላለሁ። ሳምንት ይፈጃል።»

ሳምንት የለኝም።

ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆምኩ። «ጋሽ ኤሌማ… አባባን…»

«እኔ ለአባትሽ የምነግረው የለኝም። እኔ ፈንዲ ነኝ፣ ሽማግሌ አይደለሁም። መንገሩ ያንቺ ነው።»

ጥር 21፣ ረቡዕ

በአንድ ራም። ድርጅቱ ስምንት ቢልም ፕሮግራሙ በአራትም ተከፈተ። ይንቀራፈፋል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። ግን አልጠፋም! ቀኑን ሙሉ አንዴም! ሽማግሌዬ ጉድጓዱን ቆፍሮ ውሃው ጋ ደረሰ። ጨው ሆኖ አገኙት። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የቆፈርነው?

ለጄን ጻፍኩላት። ሁሉንም። ራሙን እኔ እንዳስገባሁ፣ እንዳልተስማማ፣ አሁን አራት ብቻ እንዳለኝ። ለማላውቃት ሴት እውነት መጻፍ እንዲህ ቀላል ነው? አባባ በዚያው ሰዓት በቀጭኑ ግድግዳ ማዶ ሶፋው ላይ ነበር።

ጥር 23፣ ዓርብ

ሃያ ሁለት ላክሁ። ስምንት ቀረ። በሩ ተዘጋ፤ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለኝ።

ሃያ ሁለት ከሠላሳ ስንት በመቶ ነው? አስልቼዋለሁ። አልጽፈውም።

ጥር 28፣ ረቡዕ

መልስ የለም። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ።

አባባ ዛሬም እራት ላይ ስሙን አነሳ። «ያ ኤሌማ ባያበላሸው ኖሮ…» እማዬ «ተው እንግዲህ፣ የእጅ ስህተት ነው» አለችው። እኔ ሰላጣ አቀረብኩ። አሁን ልንገረው? አሁን? … ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። ውሃ ግን ሞልቶ ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ኤሌማ ሱቅ በር ላይ ሰው የለም። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፍ ነበር።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

መጣ።

አባባ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው ስልኬ የጮኸው። እሱ ቀሚስ እየሰፋ ነበር። ፊቴን አይቶ መኪናውን አቆመ። «ናይሮቢ ነው? አንብቢልኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

አባባ እንግሊዝኛ አያነብም። ልጨምር ብል ማን ያውቅብኛል? ልቀንስ ብልስ? ከቆርቆሮው ማዶ ኤሌማ ሬዲዮ እየሞከረ ነበር፤ ጣቢያ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል…

ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። «የሪሃና ጽሑፍ ከተፈተኑት ሁሉ ንጹሑ ነው።» አባባ ፈገግ አለ። «ሆኖም ከሠላሳው የደረሰን ሃያ ሁለት ብቻ ስለሆነ በዚህ ዙር ልንቀበላት አልቻልንም።» ፈገግታው ወረደ።

ቀጣዩ መስመር ላይ ቆምኩ። መዝለል ይቻላል። ድምፄን ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ ቆርቆሮው አይሰማም።

«የዘገየችውም፣ ራሷ እንደጻፈችልን፣ ኮምፒውተሩን ከፍታ የማይስማማ ዕቃ ያስገባችው ራሷ በመሆኗ ነው። በሚቀጥለው ዙር ማመልከት ትችላለች።»

ከማዶ ሬዲዮው ጠፋ።

አባባ እግሩን ከመርገጫው አነሳ። «ያቺን እንደገና አንብቢያት።»

አነበብኩ። አልቀነስኩም።

«ኤሌማ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ያውቃል?»

«ከጥር 20 ጀምሮ።»

«ሁለት ሳምንት…» አለ። «ሁለት ሳምንት እዚህ ጎኔ ተቀምጦ፣ ደንበኛውን ከበር ስመልስበት እየሰማ…»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሱን አጣጥፎ መኪናው ላይ አስቀመጠ። «የኢሲዮሎን ነገር ነገ እናወራለን» አለኝ፣ ሳያየኝ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ዞረ።

«ኤሌማ!»

ቆርቆሮውን በጣቱ መታ።

«ኤሌማ፣ ሰምተሃል አይደል?»

«ማነው? አባ ሪሃና ነህ?» ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነው። «ጆሮዬ ከብዷል ወዳጄ። በቆርቆሮ አይሰማኝም። እዚህ መጥተህ ንገረኝ።»

አባባ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ኮፍያውን አስተካከለ። በሩ ላይ ቆሞ ዞር አለ።

«አንቺስ? ብቻዬን ልሂድ?»

ተነሳሁ። ቀድሜው ኤሌማ ሱቅ ገባሁ።