የወይዘሮ ኦፓልን ሳህን ማን ይቁጠረው?

ለክቡር አቶ ፕሬንቲስ ሃቨርሊ
የወረዳችን ትምህርት ቤቶች የምግብ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ያ በክረምት የሚሞቀው በበጋ የሚቀዘቅዘው ቢሮዎም በመልካም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በላይኛው የድብ ወንዝ ሸለቆ የምንኖረው፣ ከጉልበቴ በቀር፣ ደህና ነን። ደብዳቤውን በወረዳችን ጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ሁሉ መንገድ ላይ ስለቀሩ፣ ይኸኛው አገር እያየው ቢጓዝ አይጠፋም ብዬ ነው።

ስሜ ኦርቪል ራትሊፍ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ በኬንታኪ ተራሮች ሥር ከሰል ስቆፍር ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ጣራ ለመጠገን ብቻ ሲሆን፣ ማንበብ ያስተማሩኝ የዘር ከረጢቶች ጀርባና የከሰል ጉድጓዱ የአደጋ ሰሌዳዎች ናቸው። ስለዚህ አነጋገሬ አልፎ አልፎ ማስጠንቀቂያ ቢመስልዎ በአስተማሪዎቼ ይፍረዱ።

የልጅ ልጄ ሬባ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ጡረታዬ ከትምህርት ቤቱ ምሳ ዋጋ ጋር እኩል መሮጥ ሲያቅተው፣ በነፃ እንድትበላ አመለከትኩ። ችሮታ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ልጅ የአያቷን ኩራት በልታ አትጠግብም። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤትዎ የዋለልኝን ውለታ እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. ቅጹ «በቤትዎ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ዘመድ ባይሆንም፣ ከነገቢው ይጻፉ» ይላል። እኔም እውነቱን ጻፍኩ፤ ራሴን፣ ሬባን፣ ወይዘሮ ኦፓል ስሎንን። ወይዘሮ ኦፓል የሚያድሩት ከወንዙ ማዶ በገዛ ቤታቸው ነው። ባለቤታቸው ሎውተን፣ የጉድጓድ ጓደኛዬ፣ ከሞተ ጀምሮ ግን እራታቸው ከእኛ ጋር ነው። በሸለቆአችን ባሏ የሞተባትን ጎረቤት «ነይ ብዪ» ብሎ የሚያሳፍራት የለም፤ ዝም ብሎ ሳህን ይቀመጥላታል። ሳህን የተቀመጠለት ሰው ደግሞ የቤቱ ሰው ነው። እኛ ቤተሰብ የምንቆጥረው በሳህን እንጂ በአልጋ አይደለም፤ ይህን ሳላስረዳዎ መጻፌ የእኔ ጥፋት ነው።

እናንተም የእሳቸውን ጡረታ ከእኔ ጋር ደምራችሁ፣ ገቢዬ ከተፈቀደው በላይ መሆኑን በማኅተም አበሰራችሁኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በስተርጅና ባለጸጋ መሆኔን ከእናንተ ሰማሁ። ዜናውን ለጣራዬ ብነግረው ግን አላመነኝም፤ አሁንም ያፈሳል።

፪. ነገሩን ላስረዳ ቢሮዎ ድረስ ወርጄ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ስብሰባውም እስከ ዛሬ ስላላለቀ፣ ያነጋገረችኝ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሼልቢ ናት። ጨዋ ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ።

«አባቴ፣ ሴትዮዋ የሚያድሩት የት ነው?» አለችኝ።

«ወንዙን ተሻግሮ፣ ቤታቸው።»

«እንግዲያው የቤተሰብዎ አባል አይደሉም። ስማቸውን ሰርዘው ይስጡኝና ዛሬውኑ ይጸድቃል።»

«የሚበሉት የት ነው ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«ውይ አባቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ስለ እራት አያውቅም!»

ለኮምፒውተሩ ከልቤ አዘንኩለት። ስሙን ግን አልሰረዝኩም። በእኛ ዘንድ ሰው ከማዕድ የሚሰረዘው ነውር ሲሠራ ነው፤ የወይዘሮ ኦፓል ነውር ደግሞ ከሞተ ባላቸው ጡረታ መውረሳቸው ብቻ ነው። ልጅቷ «እባክዎ፣ አንድ መስመር እኮ ናት» እያለች እስከ በር ሸኘችኝ። እውነቷን ነው፤ አንድ መስመር ናት። ሰውን ከማዕድ ለማስነሳት አንድ መስመር መብቃቷ ነው እንቢ ያሰኘኝ።

፫. የምሳ ሂሳቡ ያልተከፈለ ልጅ ቀዝቃዛ አይብ ያለበት ዳቦ እንዲሰጠው በመደንገግዎ አመሰግናለሁ፤ ማንም ተራበ እንዳይባል የታሰበ ነው። ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ግን ጥንቃቄዎን ነው። ሬባ ትሪዋን ይዛ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ስትደርስ፣ ትኩሱን ምግብ ከእጇ ወስደው ቆሻሻ ውስጥ ደፉት አሉ፤ አንዴ የነካችውን ሌላ ልጅ እንዳይበላው።

«አባባ፣ ዶሮውን እኮ ጣሉት!» አለችኝ ማታ። «ለእኔ ካልሰጡ ለምን ለውሻ አልሰጡትም?»

የዘር ከረጢቱ ላይ የዚህን መልስ ስላላነበብኩ፣ ጥያቄውን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ። የክፍሏ ልጆችም «እመት አይብ መጡ!» እያሉ ይቀበሏታል። የማዕረግ ስም ስለሰጣችኋት በቤተሰባችን ስም ምስጋናዬን ይቀበሉ።

፬. እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ከፈለጉ ይርሱት፤ ይህን ግን አይርሱ። ሬባ ልጅ ናትና ምሳዋ በእሳቸው ጡረታ የተነሳ መከልከሉን ለወይዘሮ ኦፓል ነገረቻቸው። በማግሥቱ ሳህናቸውን አስቀመጥን፤ አልመጡም። መብራታቸው በወንዙ ማዶ በርቶ ይታያል። ሬባን ብልካት «ጠግቤአለሁ» ብለው መለሷት። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ።

ክቡር ሆይ፣ ባዶ ሳህን ፊት ለፊት ተቀምጠው እራት በልተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። እኛ አልሆነልንም። ሬባ ማንኪያዋን አስቀምጣ «የእኔ ምሳ ነው ያባረራቸው» አለች። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንዴ የሚያስርብ አሠራር እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር፤ ከሰል ኩባንያው እንኳ በደህናው ዘመን አንድ አንድ እያደረገ ነበር።

እኔ ሄዶ መለመን አላውቅም። ድስቱን ይዤ፣ ሬባ የሴትየዋን ሳህን ታቅፋ፣ ወንዙን ተሻገርን። ወይዘሮ ኦፓል በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ምን ፈልገህ መጣህ፣ አንተ ግትር በቅሎ?»

«እራት ልንበላ።»

«ቤት የለህም?»

«አለኝ። ሰው ጎደለው።»

«በእኔ የተነሳ ልጅ ስትዋረድ ዝም ትላለህ? ስሜን አትሰርዝም?»

«አልሰርዝም።»

«ሎውተን ‹ይሄ ሰውዬ ጉድጓዱ ሲናድ እንኳ አልወጣም ብሎ ይከራከራል› ይለኝ ነበር፤ ውሸት መስሎኝ! ወረቀቱን አምጣው።»

ጸሐፊዎ የመለሰችልኝ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። እስክሪብቶዬን ከእጄ ነጥቀው ስማቸውን ራሳቸው ሰረዙት።

«ይኸው። ስሜን ሰርዣለሁ። ሳህኔን ግን ካነሳህ ወዮልህ!» አሉ። ከዚያም ድስቱን ከፍተው አሸተቱና «ቦሎቄውን ደግሞ አሳርረኸዋል» ብለው ተቀመጡ። ሬባ እስክትጠግብ በላች።

እንግዲህ የታረመው ቅጽ ከዚህ ጋር ተያይዞ ቀርቧል። መስመሩ የተጠማዘዘው ወይዘሮ ኦፓል ወረቀቱን በር ላይ ደግፈው ስለሰረዙ እንጂ ስላመነቱ አይደለም። የምለምንዎ ነገር የለም፤ የምጠይቅዎ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ሬባ ትኩስ ምግቧን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር ትቀመጥ። ከእንግዲህም የማንም ልጅ ትሪ ከእጁ አይነጠቅ። ሂሳብ ያለበት አያት ካለ እኔን ይጥሩኝ፤ የሚነጠቅ ነገር ከፈለጉ ባርኔጣዬን ይንጠቁ።

በታላቅ አክብሮት፣ ቢሮዎ የቆጠረኝ ሀብታም፣ ጎረቤቴ የቆጠሩኝ በቅሎ፣

ኦርቪል ራትሊፍ
ከላይኛው የድብ ወንዝ ሸለቆ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ኦፓል «ሰውየው ራሱ መጥቶ ይብላ» ስላሉ፣ የፊታችን ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ተጋብዘዋል። የአጋዘን ሥጋና የበቆሎ ዳቦ አለ። ሲመጡ ግን የደመወዝዎን ማስረጃ ይዘው ይምጡ፤ እኛ ዘንድ ሳህን የተቀመጠለት የቤት ሰው ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻዬ ላይ ከነገቢዎ እጽፍዎታለሁ። በእርስዎ ደመወዝ የተነሳ ሬባ ምሳ እንደምትከለከል አውቃለሁ፤ ስምዎን እንድሰርዝ ግን እኔን አይጠብቁ።